ሌባው የከሰሰኝ ቀን

ትናንት ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ሕልም አየሁ። ደሴ ከተማ ውስጥ በጥብቅና ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ በቀን አልሜ አላውቅም። ምሳ ላይ የበላሁት ከብዶኝ ይሁን፣ ጠዋት የቆምኩበት ክርክር አድክሞኝ ይሁን፣ ወንበሬን ወደ ግድግዳው ደገፍ እንዳደረግሁት ይዞኝ ሄደ።

በሕልሜ ወደ ፍርድ ቤት ስሄድ ነበር። ግቢው በር ላይ ስደርስ ረጅም ሰልፍ አየሁ። የተሰለፉት ዳኞች ናቸው። ካባቸውን ክንዳቸው ላይ አጣጥፈው፣ የመዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይዘው፣ ባለጉዳይ እስኪጠራቸው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። አንዷን ዳኛ ስለማውቃቸው ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

"ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የቆሙት?"

"ከሁለት ሰዓት ጀምሮ። ባለጉዳዩ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል" አሉኝ። "ነገ ተመለሱ ሳይለን አይቀርም።"

አዘንኩላቸውና አለፍኩ። በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ኪሱን ይፈትሸዋል። እኔም እንደ ሌላው ፈተሽኩት። አንድ ብርቱካን ብቻ ነበረው። ልገባ ስል ግን በክንዱ ከለከለኝ።

"የይለፍ ቃልህን ጮክ ብለህ ተናገር" አለኝ።

"መታወቂያ አለኝ እኮ።"

"መታወቂያህን ደብቀው፤ እሱ ምስጢር ነው። የይለፍ ቃልህን ነው ያልኩህ።"

ከፊቴ የነበረች ሴት የራሷን በሚያምር ድምፅ ጮኸችውና ሰው አጨበጨበላት። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ የመጀመሪያ ልጄን ስም ከተወለደችበት ዓመት ጋር አድርጌ ጮህኩ። ማንም አላጨበጨበም። ሰልፉ ውስጥ ያለ አንድ ዳኛ አዛጋ።

"ይህንንማ ባለፈው ሳምንት ገምቼው ነበር" አለ ዘበኛው፣ ቅር ብሎት። "ግባ እስቲ።"

ግቢውን ሳቋርጥ የኮቴ ኪስ ቀለለኝ። ዞር ስል ስልኬ ወጥቶ መሬት ላይ ቆሟል። ተንጠራራ፣ ተዘረጋ፣ የእኔን ቁመት አከለና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊቴ ከፊቴ መሄድ ጀመረ። ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላል፤ ሰላም ካለ በኋላ ደግሞ የማውቀውን ሁሉ ይነግራል። ለጽዳት ሠራተኛዋ ባለቤቴ የስኳር መድኃኒቴን እንዳልረሳ የላከችልኝን መልእክት አነበበላት። ለአንድ የማላውቀው ፖሊስ ከአማቼ ጋር የተጣላንበትን ጉዳይ ከመጀመሪያው አንሥቶ አስረዳው።

"እባክህ ዝም በል" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማን ከልክሎኝ?" አለኝ። "ወደ ቤት ካመጣኸኝ አራት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን ቆልፈኸኝ ታውቃለህ?"

"ያለ መነጽር ቁጥር መጫን ያስቸግረኛል።"

"እሱንም ለሰው ሁሉ እነግራለሁ" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ችሎቱ ውስጥ ስንገባ በዳኞቹ ወንበር ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል። የመሃሉ ከኩታበር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመውታል። "ተከሳሹ መጣ" አሉ። ወደ ኋላዬ ዞሬ ተከሳሹን ፈለግሁ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ከሳሹ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ቀጭን ሰው ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ በትሕትና ጎንበስ አለ።

"እኔ ሌባ ነኝ" አለ።

ከጎኔ ያለው የጠበቃ ወንበር ላይ ደግሞ የእኔን ካባ ለብሳ ወይዘሮ ዘይነባ ይማም ተቀምጣለች። ስለ ዘይነባ ልንገራችሁ፤ ሕልም አይደለችም። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እኔ ደግሞ ጠበቃዋ ነኝ። ባሏ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደበድባት ኖረ። ባለፈው ሰኔ ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ወጣች፤ የፍቺውንና የልጅ ማሳደጉን ክርክር የያዝኩላት እኔ ነኝ። የት እንዳለች የምናውቀው እህቷና እኔ ብቻ ነን። ባሏ ግን መፈለጉን አልተወም።

በሕልሜም አልተወም። የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ተቀምጧል።

"ክቡር ባለጉዳይ" ብሎ ጀመረ ሌባው። "ይህ ሰው ሙያዬን አዋርዶብኛል። እኔ የተዘጋ ነገር ለመክፈት ዕድሜ ልኬን የተማርኩ ሰው ነኝ። እሱ ጋ ስሄድ የተዘጋ ነገር የለም። ለኢሜይሉም፣ ለቴሌግራሙም፣ ለኮምፒውተሩም ያው አንድ ቃል ነው። እሱንም እንዳይረሳው ወረቀት ላይ ጽፎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ ከቶታል። ልጆቼ አባባ ዛሬ ምን ሠራህ ብለው ሲጠይቁኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡለት።

"ባለፈው ወር ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ" አለ ሌባው። "የደንበኛውን አቤቱታ ከፍላሹ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ገለበጠ፣ አሳተመ፣ ጥሎት ሄደ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ በሠርግ ጥሪና በተማሪዎች ኖት መሃል። ኢሜይሉንም ከፍቶ ሳይዘጋው ነው የወጣው። ቀጥላ የተቀመጠች ልጅ አዝናለት ዘጋችለት። እኔ አንድ ነገር ልሠራ ብመጣ በምኑ ልሥራ?"

"ሰልፍ ነበር" አልኩ። "ቸኩዬ ነው።"

ዘይነባ እግሬን ረገጠችኝ። "ጠበቃህ እኔ ነኝ፤ አንተ ዝም በል" አለችኝ። አንተ ስትለኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ደግሞ ተስማማኝ።

ተነሣችና ካባውን አስተካከለች። "ደንበኛዬ መቆለፍ አያውቅም የተባለው ሐሰት ነው" አለች። "የሕግ መጻሕፍቱን ቁም ሣጥን በሦስት ቁልፍ ነው የሚዘጋው። እነዚያን መጻሕፍት የሚሰርቅ ሰው እስካሁን አልተወለደም። ስለዚህ ቁልፍ አለው፤ የት እንደሚያደርገው ነው ያልገባው። ይህ ደግሞ በትምህርት የሚስተካከል ነው።"

ሦስቱ ባለጉዳዮች ተመካከሩ። "ምስክር ይሰማ" አሉ።

ምስክሩ ስልኬ ነበር። በኩራት ተራምዶ መሃል ላይ ቆመ። ስሙን ተጠይቆ የእኔን ስም ተናገረ። ሥራውን ተጠይቆ "የሰው አደራ መያዝ" አለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ጀመረ። የልጄ ምርቃት። የወደቀ አጥር። የሐኪም ማስረጃ። አንድ የኪራይ ውል።

የኪራይ ውሉ የዘይነባ ነው። ራሴ ነኝ በስልኬ ያነሣሁት።

"የአከራይ ስም እንዲህ ነው" አለ ስልኬ። "ተከራይዋ ወይዘሮ ዘይነባ ይማም ሲሆኑ፣ ቤቱ የሚገኘው..."

ከኋላ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"ቆልፈው" አለችኝ። "የልጅህ ስም አይሆንም፣ ዓመተ ምሕረትም አይሆንም። አራት አምስት ቃል ፈልግ። አንድ ላይ ሄደው የማያውቁ ቃላት ይሁኑ። አንተን የሚያስቁህ፣ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ የማያስባቸው። ደግሞ አትጩኸው። በልብህ ብቻ።"

"እዚህ አገር የሚጮኽ አይደል እንዴ?"

"እኛ ሁለታችን አንጮኽም" አለች።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ቃላቱ በመስኮት እየዘለሉ ገቡና ፊቴ ቆሙ። አንደኛው እንስሳ ነበር፣ አንደኛው የሚለበስ ነገር፣ አንደኛው ደሴ ውስጥ ያለ ቦታ፤ የቀሩትን ልተዋቸው። እንዴት እንደተገናኙ ሳይ ሳቄ መጣ። እነማን እንደነበሩ ግን ለእናንተም አልነግራችሁም።

በልቤ አልኩት።

"ቤቱ የሚገኘው ከ..." ብሎ ስልኬ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ተዘጋ። ትከሻው ወረደ፣ ቁመቱ አነሰ፣ መዳፍ አከለና ወለሉ ላይ ጠብ አለ። አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

ባልየው ከአግዳሚው ተነሣ። "ከየት ነው ያለው?" ብሎ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ጠየቀ።

"አልሰማሁም" አለ ሰውየው።

ቀጥላ ያለችዋን ጠየቃት። "አልሰማሁም" አለች። ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እየሄደ ጠየቀ። ጸሐፊዋ አልሰማሁም አለች። ፖሊሱ አልሰማሁም አለ። ሰልፍ ላይ የነበሩት ዳኞች በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው "እኛም አልሰማንም" አሉ። መጨረሻ ላይ ሌባውን ጠየቀው። ሌባው ጃኬቱን ቆለፈና ለረጅም ጊዜ አየው።

"የምሰማው ነገር አልነበረም" አለው።

ባልየው ደብተሩን አጥፎ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሌባው እንባውን በእጅጌው ሲጠርግ አየሁት። "እንግዲህ ሥራ አገኘሁ" አለ። "አሁን ይህን ለመክፈት ከሀ ጀምሬ ልማር ነው።" መጥቶ ጨበጠኝ። እጁ ሞቃት ነበር። ሽማግሌው ዱላቸውን አንሥተው "በሉ እንግዲህ፣ ፍርዱን ተከሳሹ ይስጥ" አሉ። እኔም ለመፍረድ ተነሣሁ። ካባ ስላልነበረኝ ዘይነባ የለበሰችውን አውልቃ ልታለብሰኝ እጄን ስትይዘኝ፣ ስልክ ጮኸ።

ነቃሁ። መብራት መጥቷል። ጠረጴዛዬ ላይ ስልኬ ይጮኻል፤ ቁጥሩን አላወቅሁትም። አነሣሁት።

"ጋሽ ወንድይፍራው? እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ማን ልበል?"

"ትንሽ ያናግሩኝ። ድምፅዎን ልስማው።"

ዘይነባ ናት። እንቅልፍ ጥሎኝ እንደነበረ፣ አሁን እንደነቃሁ ነገርኳት። ድምፄን ስታረጋግጥ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በእርስዎ ቴሌግራም መልእክት ይመጣልኛል" አለችኝ። "ለፍርድ ቤት አድራሻ ይፈለጋል፣ አሁን ያለሽበትን ቤት በትክክል ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው ሰዓት ካላስገባሁ መዝገቡ ይዘጋል ይላል። አራት ጊዜ ነው የተጻፈው።"

"እኔ አልጻፍኩም" አልኳት። "መለሱለት እንዴ?"

"አልመለስኩም። ቢሮዎ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን፣ አድራሻዎን በጽሑፍ ለማንም አይላኩ፣ እኔም ብጠይቅዎ አይላኩልኝ ብለውኝ ነበር።"

እንዲህ ማለቴን ጨርሶ አላስታውስም።

"ደግሞም እርስዎ አለመሆንዎ ገብቶኛል" አለች። "አንቺ እያለ ነው የሚጽፈው። እርስዎ ከተዋወቅን ጀምሮ አንቱ እንጂ አንቺ ብለውኝ አያውቁም። ልጄን ይዤ ጎረቤት ሄድኩና በእነሱ ስልክ ደወልኩልዎት። ዛሬ ለማያውቁት ሰው የሰጡት ነገር አለ?"

አሰብኩ። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ደውሎ ነበር። ባለሙያ ነኝ፣ መስመርዎን እያስተካከልን ነው፣ አሁን በመልእክት የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ አለኝ። በጣም ትሑት ሰው ነበር። አነበብኩለት። በደንብ አልሰማሁም ሲለኝ ደግሜ ቀስ እያልኩ አነበብኩለት። ሳመሰግነውም ትዝ ይለኛል።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችኝምም።

"ያ ቁጥር የቴሌግራምዎ መግቢያ ቁልፍ ነበር። መነጽርዎን ያድርጉ" አለችኝ። "እኔን ድምፅ ማጉያው ላይ ያድርጉኝና ቴሌግራሙን ይክፈቱ። ቅንብር ውስጥ ይግቡ። መሣሪያዎች የሚል አለ። ስንት ይታይዎታል?"

"ሁለት" አልኳት። አንደኛው የእኔ ስልክ ነው። ሁለተኛውን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም።

"ከራስዎ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጣ የሚለውን ይጫኑ።"

ጫንኩ። ሁለተኛው ጠፋ። ተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቅበትን ቦታም አሳየችኝ፤ ምን እንደምጽፍ እንዳልነግራት አስጠነቀቀችኝ። ክፍል ውስጥ ፊደል እንደምታስቆጥር ሰው አልቸኮለችም። ስንጨርስ አንድ ሩብ ሰዓት አልሞላም።

"አሁንስ?" አልኳት።

"አሁን ለሌሎቹ ደንበኞችዎ ይደውሉ። በየተራ፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅዎ። ለእነሱም ተልኮ ይሆናል።"

"ወይዘሮ ዘይነባ" አልኳት፣ "ጠበቃው ማነው?"

"ዛሬ እኔ ልሁን" አለች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት።

የደንበኞቼን ስም ዝርዝር አወጣሁ። አርባ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው በድንበር ክርክር የማውቃቸው አቶ ሰይድ ናቸው። ደወልኩና ስሜን ነገርኳቸው፤ በስሜ መልእክት ከደረሳቸው እንዳይመልሱ፣ ምንም ነገር እንዳይጫኑ አስጠነቀቅኋቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"አንተ አጭበርባሪ ነህ" አሉኝ። "ጠበቃዬ በዚህ ሰዓት ተኝቶ ነው የሚገኘው።" ዘጉብኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ ሁለተኛው ደወልኩ።