ሁለት ቢሊዮን ካርድ የሚይዘው ፕሮግራም

ኮምፒውተር በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ በጀመረበት ዘመን፣ በቦምቤይ ከተማ አንድ መስሪያ ቤት ካሉት የዳታቤዝ ፕሮግራሞች ሁሉ ታላቁን መረጠ። ምርጫው አሥራ አራት ወር፣ ሃያ ስድስት ስብሰባና ብዙ ሻይ ፈጅቷል። ይህን የመሰለ ድካም ሳይመሰገን ሊታለፍ አይገባም።

መስሪያ ቤቱ የደም ለጋሾች መዝገብ ነበር። አራት መቶ ሺህ ካርድ በእንጨት መሳቢያዎች ተደርድሮ፣ ቁልፉ ዋማን በሚባሉ አዛውንት ጸሐፊ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ሁሉ ካካ ይላቸዋል፤ አጎት እንደማለት። ሆስፒታል ሲደውል ካካ "የትኛው ደም?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ስልኩ ሳይዘጋ ካርዱን ይዘው ይመለሳሉ። አጠገባቸው አሥራ ሰባት ዓመት የተቀመጠችው ታይፒስቷ ሱላባ አንድ ቀን እንኳ ሲሳሳቱ አላየችም። እንዲህ ያለ ኋላቀርነት ማብቃት እንዳለበት ዳይሬክተሩ ቺትኒስ ሳሄብ ወሰኑ፤ ሳሄብ ጌታዬ እንደማለት ነው።

ሁለት ፕሮግራሞች ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ። የአንዱ መግለጫ ወረቀት "አንድ ቢሊዮን ካርድ ይይዛል" ይላል፤ የሌላው "ሁለት ቢሊዮን"።

"ልዩነቱ መሠረታዊ ነው" አሉ ቺትኒስ ሳሄብ።

ካካ ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠርተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። "ሳሄብ፣ እኛ ያለን አራት መቶ ሺህ ነው።"

"ዛሬ ነዋ!"

"ሕንድ በሙሉ ተሰልፎ ደም ቢሰጥ እንኳ አንድ ቢሊዮን አይሞላም እኮ።"

"ካካ፣ ሠላሳ ዓመት ጸሐፊ ሆነው የቀሩት ለምን ይመስልዎታል? እንዲህ በጠባቡ እያሰቡ ነው!"

"እሺ ሳሄብ። ማሽኑስ ራሱ ስንት ካርድ ይችላል?"

"እሱ የማሽን ኮሚቴው ጉዳይ ነው። እኛ የፕሮግራም ኮሚቴ ነን።"

ቃለ ጉባኤው ላይ "ከአጀንዳው ውጭ የሆነ ጥያቄ ቀርቦ ታልፏል" ተብሎ ሰፈረ። በታይፕ የመታችው ሱላባ ናት፤ ጣቷን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣታል።

የማሽን ኮሚቴውም ሥራውን በሚገባ ተወጣ። ለታላቁ ፕሮግራም መግዣ ገንዘቡ እንዲበቃ ሲል ከማሽኑ ላይ ቋሚ ዲስኩን አስቀነሰ። የቀረው አንድ ዲስኬት ነበር፤ ዘጠኝ መቶ ካርድ ይይዛል። ተጨማሪ ዲስኬት ለሚቀጥለው የበጀት ዓመት ታቀደ።

ከአራት መቶ ሺህ ሰው ማን ይቅደም? ማዕረግ ባለበት አገር ይህ ጥያቄ አያስቸግርም። ሚኒስትሮች ገቡ፤ ዳኞች ገቡ፤ የየመምሪያው ኃላፊዎች ከነምክትሎቻቸው ገቡ። አብዛኞቹ ጠብታ ደም ሰጥተው አያውቁም፤ ነገር ግን ምክትል ሚኒስትር ከታክሲ ነጂ በታች ይጻፍ ማለት ነውር ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ተረፈ።

"ሳሄብ፣ ካካን ላስገባቸው?" አለች ሱላባ። "ሃያ ሁለት ጊዜ ለግሰዋል። ደማቸው ደግሞ ከአሥር ሺህ ሰው አንዱ ጋ ብቻ የሚገኝ ነው።"

"ጸሐፊውን?" ቺትኒስ ሳሄብ አመነቱ። "መጨረሻ ላይ ከሆነ... ይሁን።"

"አንቺ ልጅ፣ ከሚኒስትር ጋር አሰለፍሽኝ!" ብለው ካካ ሳቁ። በማግስቱ መሳቢያዎቹ፣ አሮጌውና አዲሱ መዝገብ እንዳይጋጩ ተብሎ፣ ታሽገው ከከተማው ወጣ ብሎ ታኔ ወዳለው መጋዘን ተጫኑ።

የዝናቡ ወር ሲገባ ካካ ጨጓራቸው ደማ። ያ ብርቅ ደማቸው ከራሱ ዓይነት በቀር ሌላ አይቀበልም። ሱላባ ሆስፒታል ስትደርስ ነጥተው አገኘቻቸው።

"ሠላሳ ሰባተኛው መሳቢያ፣ ከወደ ኋላ" አሏት። "አርባ ያህል ሰው አለ። አንዱ ይበቃኛል።"

ከነዝናቧ ቢሮ ገባች። "ሳሄብ፣ ለካካ ደም ይፈለጋል፤ መጋዘኑን ያስከፍቱልኝ! በሁለት ሰዓት ውስጥ ደርሼ እመለሳለሁ።"

"ማሽኑ እያለ? ጋዜጠኛ ቢሰማ ምን ይለናል?"

ለምረቃው ማሽኑ ላይ የተሰቀለው የአበባ ጉንጉን በክብር ተነሳ። ኃላፊዎች ተጠርተው ቆሙ። ማሽኑ አርባ ደቂቃ ሙሉ አጉረመረመና አንድ ለጋሽ አወጣ። ጭብጨባው መስኮቱን አንቀጠቀጠው።

"አላልኩም? ስሙን አንብቢው!"

ሱላባ አነበበች። "ዋማን።"

"ይደወልላቸዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ሳሄብ፣ ዋማን ካካ ናቸው። በሽተኛው እሳቸው ናቸው።"

ቺትኒስ ሳሄብ ጎንበስ ብለው ስሙን ራሳቸው አነበቡ። "ማሽኑ ግን አልተሳሳተም" አሉ።

አልተሳሳተም። መጋዘኑን ለማስከፈት የሚያስፈልገው ሦስት ፊርማ ሐሙስ ተሟላ። ካካ ግን ማክሰኞ አርፈው ነበር።

የፍለጋው ሪፖርት "የተፈለገ ለጋሽ አንድ፣ የተገኘ ለጋሽ አንድ፣ ውጤት መቶ በመቶ" ይላል። "የተገኘው ለጋሽ ያልቀረበበት ምክንያት" በሚለው ባዶ መስመር ላይ ሱላባ "መሳቢያው እስኪከፈት ሲጠብቅ ሞተ" ብላ መታችበት። ቺትኒስ ሳሄብ ሳያነቡ ፈረሙ፤ ማኅተም ተደረገበትና ወደ የበላይ መስሪያ ቤት ሄደ።

መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ "የቀረበው ምክንያት ተቀባይነት አግኝቷል። ሆኖም ለጋሹ ወደፊት በተጠራ ጊዜ በሰዓቱ እንዲገኝ በጽሑፍ ይነገረው።"