ከበሮ የሌለው ካሴት

ፈሪ ሰው መቼም «ፈራሁ» አይልም፤ «ዘዴ ፈጠርኩ» ነው የሚለው። እኔም በደርግ ጊዜ ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ዘዴ ፈጥሬ ነበር። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ ለወዳጁስ ምን ይተርፈዋል?

ወዳጄ መኮንን የቀበሌያችን ኪነት ቡድን የግጥምና የዜማ ደራሲ ነበር። በኦርጋንና በከበሮ የሚዘፈኑ ሰባት ዘፈኖች ሠርቷል፤ ሰልፍ በወጣን ቁጥር እግራችንን የሚያስነሱት እነሱ ነበሩ። ከሁሉ የገነነው ወንድሙን «ዝመት» የሚልበት ነው። ታናሽ ወንድሙም ይህንኑ እየዘፈነ ከዘማቾቹ ጋር መኪና ላይ ወጣ። ጥቂት ወራት ቆይቶ መርዶው መጣ።

መኮንን ከለቅሶው ተነሥቶ ሳምንት ሳይሞላው ጊታሩን ይዞ እኔ ቤት መጣ፤ ቴፕ የነበረኝ እኔ ነኝ። ያ የከተማችን ነፋስ ድምፁን እንዳያበላሽብን መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። ሰባቱንም ዘፈኖች በጊታር ብቻ፣ ቀስ አድርጎ፣ እንደ አዲስ ተጫወታቸው፤ እኔም ካሴት ላይ ቀዳሁት። ቃሉ ያው ነው። ግን ምን ልበላችሁ፣ ያ ሁሉ ያስጨፈረን ዘፈን ለካ እንጉርጉሮ ኖሯል!

ጎረቤት ሰማ። ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ አፍም አለው። ቀበሌ ተጠራን፤ ቀበሌው ቴፕ ስላልነበረው ከነቴፔ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግራ የገባቸው ሰው ነበሩ። ግጥሙን ከጸደቀው ወረቀት ጋር ቃል በቃል አመሳክረው ስህተት አጡ። «ታዲያ ለምንድን ነው የሚያስለቅሰን?» አሉ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ መኮንን፣ «የጨመርኩት የለም፤ ከበሮውን ብቻ ነው ያነሣሁት።»

እንዲህ ያለ መልስ ያሳስራል፤ ታሰረ። እኔ ካሴቱንና ቴፑን ይዤ በሦስተኛው ቀን አውራጃው ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ታዘዝኩ። ዘዴው የመጣልኝ ይኼኔ ነው። ቤቴ ገብቼ ሬዲዮ ከፈትኩና በካሴቱ ላይ የሰልፍ ዘፈን ቀዳሁበት፤ ከዳር እስከ ዳር።

ኮሚቴው ሰማ። አንዱማ በእግሩ ምት ይመታ ጀመር። አብረውኝ የቀረቡት ሊቀመንበራችን ቴፑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይኸው ጓዶች፣ ጓድ መኮንን ስህተቱን አርሟል» አሉ። ለካ ዘዴ የምፈጥረው እኔ ብቻ አይደለሁም! መኮንን ተፈታ፤ ለድርሰቱም የምስጋና ወረቀት ተጻፈለት።

ደጅ እንደወጣን ያደረግኩትን በኩራት ነገርኩት። «ምን ችግር አለ? ጊታሩ አለ፣ ቴፑ አለ፤ እንደገና እንቀዳዋለን» አልኩት።

«ወንድሜን ሁለቴ ልቅበረው?» አለኝ።

ጊታር ከዚያ ወዲያ አልነካም። ወሩ ሳያልቅ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ አረርቲ ሄደ። ልሸኘው መናኸሪያ ስደርስ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የምስጋናውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረና «እንካ፣ ድርሰቱ ያንተ ነው» ብሎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዕድሜ ልኬን ስጽፍ፣ በድርሰት የተመሰገንኩበት ወረቀት ያ ብቻ ነው፤ እሱም በሰው ስም።