የሊቀ ሸክላ ጎታታ ዘፋኝ

ሙዚቃ ከፍቶ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው በዓለም ላይ የለም። ያለው ሌላውን ዝም የሚያሰኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ላሊበላ ላይ ለይታገሱ ደረሰው፤ ያውም ግድግዳ ለግድግዳ።

ይታገሱ ባጃጅ ነጂ ነው። ጎረቤቱ ክቡር ሊቀ ሸክላ ተክለ ሚካኤል ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ራሱ ይታገሱ ነው፤ ቤተክህነት አታውቀውም። ዜማ ቤት ገብተው ሳይጨርሱ ወጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ሲጮህ እንኳ «ቅላጼ ይቀረዋል» ሳይሉ አያልፉም።

አንድ ሆቴል እንግዳ ጠፍቶበት ሲዘጋ ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ሸጠ። ሰው ፍራሽና ድስት ሲሻማ፣ ሊቀ ሸክላ አንድ ካርቶን የፈረንጅ ሙዚቃ ሸክላ ከነማጫወቻው ተሸክመው ገቡ። ሚስታቸው ወለተ ሐና አንዱን የሽሮ ድስት ክዳን አደረገችው፤ ሌላው አልጋ ስር ገብቶ ተረሳ። ሰላም ነበር።

ዘንድሮ ክረምት ቤቱ አፈሰሰና ካርቶኑ ወጣ። አንዱ ሸክላ ሽፋን ላይ ጸጉራቸው ዓይናቸውን የሸፈነ ቀጫጭን ጎረምሶች ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። ሮክ የሚሉት ነው። ሊቀ ሸክላ አስገቡት። ወይ ጉድ! የታመመ በሬ ማቃሰት ጀመረ።

«ቁም ዜማ ነው!» አሉ መቋሚያቸውን ብድግ አድርገው። «ልክ እንደኛ ማኅሌት! ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚያነሳው። እነዚህ ልጆች የተማሩ ናቸው!»

ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ፍዳውን አየ። እሳቸው ቤት ተቀምጦ መስማት ክልክል ነው፤ መቋሚያ ተይዞ፣ ተቁሞ ነው። ይታገሱ ጨው ሊበደር ገብቶ እዚያው ተገትሮ ቀረ። ሊያስነጥስ ሲል፣

«ሽሽ! ጠብቅ፣ አሁን ትመጣለች!»

«ማን ናት የኔታ?»

«ጽፋቷ ናታ! በቁም የጀመረ በጭብጨባ ሊፈጥን ግድ ነው።»

አትመጣም። አንዱ ጎን ያልቃል፤ ይገለብጡታል፤ አሁንም «አሁን ትመጣለች»።

«የአባትህን መቋሚያ ለዘፈን!» ትላለች ወለተ ሐና ባሏን።

«ዘፈን ማን አለሽ? ዘፈን ቢሆን ይገባን ነበር።»

ይታገሱም ተሳፋሪ በጫነ ቁጥር ዓይኑን ጨፍኖ፣ የባጃጁን መሪ እንደ መቋሚያ ይዞ «አሁን ትመጣለች!» እያለ ሰው ያስቃል። ከፊት መኪና እንደምትመጣ እሱ የት አይቶ!

ወሬው አስጎብኚው ኪዳን ጆሮ ገባ፤ አንድ ፈረንጅ ይዞ መጣ። ሊቀ ሸክላ ነጠላቸውን አጣፍተው ጠበቁ፤ ለእንግዳውም መቋሚያ ሰጡት። ሰፈሩ ግጥም አለ። በሬው ሲያቃስት ፈረንጁ ሳቁ አመለጠው። ጎንበስ ብሎ የማጫወቻውን የፍጥነት መቀየሪያ ቀጭ አደረጋት። በሬው እንደ ግልገል ይጮህ፣ ከበሮው ይንጣጣ ጀመር።

«እስከ ዛሬ በቀርፋፋው ነው የሰማችሁት ይላል» አለ ኪዳን። «ልጆቹም ይቺን አልበም አውጥተው ተበትነዋል። አገራቸው እንኳ የሚያስታውሳቸው የለም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወለተ ሐና ብቻ አልሳቀችም፤ የባሏን ፊት ታያለች። ሊቀ ሸክላ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ። ሸክላው እየዞረ ተቀመጡ!

ከዚያ በኋላ ከጎን ቤት ድምፅ ጠፋ። ይታገሱ ሲመኘው የነበረ ጸጥታ መጣ፤ እንቅልፍ ግን አልወስድ አለው። ባጃጁ ላይ ማስመሰሉንም ተወው። አንድ ጠዋት ወለተ ሐና ካርቶኑን ስትጎትት አገኛት።

«ወዴት?»

«ለቆራሌው። ራሱ ነው አውጪልኝ ያለኝ።»

ይታገሱ ካርቶኑን ነጥቋት ገባ። ሊቀ ሸክላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል።

«የኔታ፣ ጽፋቷ መጣች አይደል ታዲያ? ትመጣለች ብለው አልነበር?»

ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ።

«ፈረንጁ ነው ቁሙን የዘለለው። ከጽፋት የሚጀምር ምን ያልተማረ ሰው ነው?»

የሊቀ ሸክላ አንገት ትንሽ ዞር አለ። ይታገሱ ሸክላውን አስገባ፤ መቀየሪያዋን ወደ ቀርፋፋው መለሳት፤ መቋሚያውን አንስቶ ብብቱ ስር ሸጎጠና ቆመ። በሬው ማቃሰት ጀመረ። ሊቀ ሸክላ ቀስ ብለው ተነሱ። የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣

«ሽሽ!» አላቸው ይታገሱ፣ ጣቱን መቀየሪያዋ ላይ አድርጎ። «ይጠብቁ፣ አሁን ትመጣለች።»