እትዬ መላና የአገጩ ጉዳይ

“በእኛ ቤተሰብ እንደ እትዬ መላ ያለ ሰው የለም” የሚል ካጋጠማችሁ፣ ወይ ቤተሰቡን በቅጡ አያውቅም፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው ራሱ ነው። በየቤቱ አሉ። ሳይጠሯቸው አቤት፣ ሳይልኳቸው ወዴት የሚሉ፤ ሕመማችሁን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ መድኃኒቱን የሚያዝዙ፤ ስለማያውቁት ነገር ሲጠየቁ “አላውቅም” ከማለት ምላሳቸውን ቢነክሱ የሚመርጡ።

የእኛዋ እትዬ መላ ትክክለኛ ስማቸው መታወቂያቸው ላይ ብቻ ቀርቷል። ለሁሉ ነገር መላ ስላላቸው ሰፈሩ ይህን ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሹመት እንደ ተቀበለ ሰው አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀበሉት። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ ይነሣሉ። “ይቺንማ ለእኔ ተዉልኝ!”

የጎረቤት ፍሪጅ እያንጎራጎረ እንቅልፍ ነሳ። እትዬ መላ ካርቶን አጥፈው በአንዱ እግሩ ሥር ሸጎጡበት። ፍሪጁ ዝም አለ። ማቀዝቀዙንም አብሮ ተወው። ባለቤቲቱ ስታማርር “ዝም አለ አላለም? ሌላውን መቼ ጠየቅሽኝ!” አሏት። አንድ ቀን ደግሞ ሊፍት ተበላሽቶ ከሰው ጋር ውስጡ ቀሩና “በሉ፣ ሁላችሁም ባንዴ ዝለሉ!” ብለው አዘዙ። ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም ሳይቀሩ ሊዘሉ ሲሰናዱ ጥገናው አልቆ ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ። ጥገና ሠራተኛው እስከ ዛሬ ምስጋና አላገኘም። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ከተቀመጡማ የባሰ ነው፤ ሐኪሙ በሩን እስኪከፍት ግማሹ በሽተኛ ምክራቸውን ይዞ ቤቱ ገብቷል።

እኚህ ሴት አብራቸው የምትኖር የእህታቸው ልጅ አለቻቸው። የሙዚቃ መምህርት ናት፤ የትምህርት ቤቷን የመዝሙር ቡድን የምትመራው እሷ ናት። የምትመራው ግን በአንድ እጇ ብቻ ነው። ግራ እጇ ሁልጊዜ አገጯ ላይ ነው። በግራ በኩል የሚቆሙት ልጆች “አሁን ጀምሩ” የሚላቸው እጅ ስለሌለ ከቀኞቹ እየሰሙ ይከተላሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አንዲት ቃል ወደ ኋላ ይቀራሉ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ እጇን አገጯ ላይ እያየ ትልቅ አሳቢ ናት ብሎ ደመደመ። ስብሰባ በተጠላለፈ ቁጥር “እስቲ እሷ ምን ትላለች?” ይላል። እሷም መላ ስታጣ “ቢታሰብበት” ትላለች፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይበተናል።

ምን ታስብ መሰላችሁ? ጢሟን ነው የምታስበው። አገጯ ላይ ጥቁር፣ ወፍራም፣ እልኸኛ ጸጉር ይበቅላል። ጠዋት በሯን ቆልፋ በምላጭ ትላጨዋለች፤ ከሰዓት በኋላ መዳፏን ይወጋታል። ሐኪም አይቷት ደሟም ሆርሞኗም ደህና ነው ብሏታል። ጸጉሩ ግን ይህን አልሰማም። በየዓመቱ መጨረሻ ወላጆች በሚጋበዙበት ቀን ቡድኑን መድረክ ላይ መምራት ሲኖርባት “ጉሮሮዬን አመመኝ” ትልና የሒሳብ መምህሩን ትልካለች። እሱ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ የሚያጠፋ ይመስል እጁን ያወናጭፋል። ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ ያለማመደችው እሷ፣ መጋረጃ ጀርባ ቆማ ታለቅሳለች። የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያ የመድረክ ብርሃን ውስጥ ሁለቱንም እጇን አንሥታ መቆም።

እትዬ መላ ታዲያ ዝም ብለው ያያሉ? ስኳርና ሎሚ አንጥረው ለጠፉባት፤ ቆዳዋ ተነሣ፣ ጸጉሩ ቀረ። የእንቁላል ነጭ ቀብተው ሳይደርቅ እንዳትንቀሳቀስ አዘዟት፤ በመሃል እንግዳ መጣና፣ ፈገግ አላለችልኝም ብሎ ተቀይሞ ሄደ። በክር ነቀሉት፤ ተመልሶ በቀለ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስለ ኤሌክትሮሊሲስ ነገረቻት፤ ጸጉርን አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ ከሥሩ የሚገድል፣ አንዴ የገደለውን የማይመልስ ሕክምና ነው አለቻት። ልጅቷም ደፍራ ቀጠሮ ያዘች።

በቀጠሮው ዋዜማ ሕክምናውን የምትሰጠው ባለሙያ ስትደውል ልጅቷ ገላዋን እየታጠበች ነበር። ስልኩን ማን አነሣው? ሌላ ማን ያነሣል!

“ነገ ስትመጡ ጸጉሩን ምንም እንዳትነኩት፤ እንዲሁ እንዳለ ኑ” አለች ባለሙያዋ።

“ኧረ እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ!” ብለው ዘጉ። ከዚያም ፈገግ አሉ። “አይ ጨዋነት! ያሳደጓት ልጅ ናት።”

መቼም እንደ እትዬ መላ ባለ ሰው ዘንድ “ምንም ይዛችሁ እንዳትመጡ” ማለት ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ ማለት ነው። “አትቸገሩ” የተባለ ሰው ካልተቸገረ ባለጌ ነው። “እንዲሁ ኑ” የተባለም እንዲሁ አይሄድም። ስለዚህ ጠዋት ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጠው ክራቸውን አወጡ።

“ሰው ዘንድ እንዲህ ጎፍረሽ ልትሄጂ ነው? ‘አሳዳጊ የላትም ወይ’ ይሉናል እኮ!”

“ሲደውሉ ምንም አላሉም፣ እትዬ?”

“እንደሆናችሁ ኑ ነው ያለችው፤ ደግ ሴት ናት። ቀና በይ።”

ልጅቷ ቀና አለች። እውነቱን ለመናገር እሷም ታክሲ ውስጥ ጢሟን ይዛ መግባት አልፈለገችም። እትዬ አንዲት ዘር ሳያስቀሩ መነጠሩት።

የባለሙያዋ ክፍል ጠባብና ንጹሕ ናት። ነጭ አንሶላ የለበሰ አልጋ፣ አንገተ ቆልማማ መብራት፣ በእግር የሚረገጥ ማብሪያ ያላት ትንሽ ሣጥን የመሰለች ማሽን፣ ወረንጦና ከጸጉር የቀጠነች መርፌ። እትዬ መላ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ፈታኝ ተቀመጡ። ባለሙያዋ ማጉያ መነጽሯን አጥልቃ የልጅቷን አገጭ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ወደ ግራ አዞረች፤ መብራቱን አስጠጋች።

“ይቅርታ… ጸጉሩ የታለ?”

“አንድም አላስቀረሁ!” አሉ እትዬ ደረታቸውን ነፍተው። “በክር፣ ከነሥሩ!”

“እናቴ፣ እንዳትነኩት ብዬዎት አልነበረም?”

“እሱማ ለወጉ ያልሽው መስሎኝ ነዋ!”

ባለሙያዋ ወረንጦውን አስቀምጣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ መርፌዋን ወደ ብርሃኑ አነሣቻት።

“ይቺ መርፌ ጸጉሩን ተከትላ ነው ወደ ሥሩ የምትወርደው። ሥሩ ጋ ስትደርስ ትንሽ ኮረንቲ እለቅበታለሁ፤ ያን ጊዜ ሥሩ ይሞታል፣ ጸጉሩም ሳይጎተት ይወጣል። ጸጉሩ ከሌለ መንገዱን ማን ያሳየኛል?”

“ከነሥሩ ነቅዬልሽ የለም እንዴ?”

“ጸጉሩን ነቀሉት እንጂ የሚያበቅለው ቦታ አልሞተም። ነገ ሌላ ያበቅላል።”

እትዬ መላ ዝም አሉ። ቤተሰቡ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚወራ ዝምታ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ ብዙም አልቆየ።

“ኮረንቲው ወደ ልቧ አይሄድም?”

“አይሄድም። ቆንጠጥ ያደርጋታል፤ ያማታል፣ አልዋሽም። ጊዜም ይፈጃል። አሁን ከቆዳ ሥር የተኙ ጸጉሮች አሉ፤ እነሱን እየጠበቅን፣ ብቅ ሲሉ ነው የምንይዛቸው። የሞተው ግን አይመለስም።”

“አድፍጦ መያዝ ነው በይኛ!” አሉ እትዬ፤ ነገሩ ደስ እያላቸው መጣ።

ባለሙያዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። “ከእንግዲህ ክር የለም፣ ወረንጦም የለም። በመሃል ብትላጪው ግድ የለም። ወደ እኔ ልትመጪ ጥቂት ቀን ሲቀርሽ ግን ምላጩንም ታቆሚያለሽ። ጸጉሩ ሊታየኝ ይገባል።”

ለባለሙያዋ ከታየ ለሌላውም ይታያል። ልጅቷ ከክፍሉ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። “ጢሜን አሳድጌ ክፍል ልግባ? እነዚያ ልጆች ፊት? ይቅርብኝ እትዬ፣ ይቅርብኝ!” ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ መላ አጠገቧ ተቀመጡ። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉ ለራሳቸው በለሆሳስ።

ቀጠሮዋን ግን አልሰረዘችም። ቀኑ ተቃረበ፤ ምላጭ የማይነካበት ቀን መጣ። ልጅቷ ጠዋት መስታወቱ ፊት ቆማ ራሷን አየችና ወደ ሥራ ላለመሄድ ወሰነች። ይህንኑ ልትናገር ከክፍሏ ስትወጣ እትዬ መላ አምረውና ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። አገጫቸው ላይ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ጸጉር ይታያል።

“እትዬ! ይሄ ምንድን ነው?”

“ጢም።”

“የማን?”

“የእኔ ነዋ! አንቺ ከማን የወረስሽው መስሎሽ ነው? በየጠዋቱ እናንተ ሳትነሡ እነቅለው ነበር። አንቺ ደረጃው ላይ ካለቀስሽ ወዲህ ግን በሻርፕ እየሸፈንኩ ተውኩት።”

“ለምን?”

“ሰው ባንዴ ሁለት አገጭ ላይ ማፍጠጥ አይችልም” አሉ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። “እኔን ይየኝ። ነይ፣ ይረፍድብሻል።”

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሣች። እኚህ ሴት እኮ ጫማቸው አቧራ ከነካው ከበር የሚመለሱ ናቸው፤ ልብሳቸው ሳይተኮስ ቆሻሻ እንኳ ለመድፋት አይወጡም። አሁን አገጫቸውን ወደ ፊት ቀስረው መንገድ ለመንገድ ቀደሟት። ታክሲ ውስጥ ያየ ሁሉ እሳቸውን አየ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አፉን ከፍቶ ሲቀር “ምን ያስገርምሃል? አንተ የራስህን መች ተላጨህ!” ብለውት አለፉ። ክፍል ውስጥም መምህርቷን ልብ ብሎ ያየ አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ በር ላይ ስላዩዋት ጢማም ሴትዮ ነው።

“ቲቸር፣ ዘመድሽ ናቸው እንዴ?” አለች አንዲት ተማሪ።

“አክስቴ ናቸው” አለች መምህርቷ። “ምን ይሁን?”

ከዚያ በኋላ ያለው የዘመቻ ታሪክ ነው። ልጅቷ አልጋው ላይ ትጋደማለች፣ ማሽኗ ጢጥ ትላለች፣ መርፌዋ ትቆነጥጣታለች፣ ዕንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። እትዬ መላ ደግሞ እግሯን ይዘው የጦር አዛዥ ሆነዋል። “ያቺን ዘለልሻት! ኧረ ከታች በኩል! እሰይ፣ ወጣች!” ባለሙያዋ ልቧ ውልቅ ሲል ሁለተኛ ማጉያ መነጽር ሰጠቻቸው፤ ይባስ ብለው እያንዳንዱን ጸጉር በስም መጥራት ጀመሩ። አንዱን ወፍራም ጸጉር በቀድሞ አከራያቸው ስም ጠርተውት፣ ሲወጣ አጨበጨቡ። ቆዳዋ ይቀላል፣ ሲያድር ይመለሳል። የተኛው ይነቃል፣ ብቅ ሲል ይያዛል። ጫካው ቁጥቋጦ ሆነ፤ ቁጥቋጦው እዚህና እዚያ ቀረ። አንድ ቀን ባለሙያዋ አገጩን ወደ ቀኝ አዞረች፤ ወደ ግራ አዞረች፤ መብራቱን አስጠጋች።

“ጸጉሩ የታለ?” አለች።

“አልነካሁም! ስሞትልሽ አልነካሁም!” ብለው እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። በዚህ ጊዜ እውነታቸውን ነበር። ሦስቱም ተያይተው ሳቁ፤ ልጅቷ ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደባት፣ እትዬም አቀፏት።

“እርስዎንስ?” አለች ባለሙያዋ ወደ እትዬ አገጭ እያየች። “ለነጩም ይሠራል፤ ለጸጉር ቀለም ግድ የለውም።”

“የእኔ ይቆይ” አሉ እትዬ። “ለምጄዋለሁ።”

የወላጆች ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ የሒሳብ መምህሩ በልማዱ ክራቫቱን አስሮ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሄዳ “ዛሬ እኔ ነኝ” አለችው፣ እሱም ተመስገን ብሎ ተቀመጠ። መድረኩ ላይ ወጣች። መብራቱ ፊቷ ላይ አረፈ። ቀኝ እጇን አነሣች። ከዚያ ግራ እጇን ከአገጯ አወረደችና እሱንም አነሣችው።

በግራ የቆሙት ልጆች ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። አንዱማ ደንግጦ ከሁሉ ቀድሞ ጀመረ። እሷም ሳቀችለት፣ እጆቿን እንደገና አነሣችና ሁሉንም ባንዴ አስገባቻቸው። ግራና ቀኙ አብሮ ጀምሮ አብሮ ሲጨርስ ለዚያ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ነበር። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ርዕሰ መምህሩም ያሰበችበት ነገር ይኼ ነበር ለካ ብሎ ለጎኑ ሰው ነገረ። እትዬ መላ ወንበር ላይ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው።

“የእኔ ልጅ ናት! እዩት አገጯን፣ እዩት! በኤሌክትሪክ ነው፣ አንድ በአንድ!”

ሰው ሁሉ ሰማ። ድሮ ቢሆን ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። አሁን ግን ከመድረኩ ወርዳ ፊቷን ለብርሃኑ ሰጥታ “እውነታቸውን ነው” አለች። አንዲት እናት ሻርፗን እስከ አፏ ጠቅልላ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር፤ ቀስ ብላ ተጠጋቻትና በጆሮዋ ጠየቀቻት።

“ያማል?”

“ያማል። ግን ያልቃል።”

ሴትዮዋ ሌላ ጥያቄ ሳትጨምር እትዬ መላ ደርሰው ክንዷን ያዟት፤ ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ስለ ሥሩ፣ ስለ መርፌዋ፣ ስለ ተኙት ጸጉሮች ሁሉን ራሳቸው እንደ ፈለሰፉት አድርገው ይተርኩላት ጀመር። ሴትዮዋ መጀመሪያ የእትዬን አገጭ አየች፤ ከዚያ ሳቅ አለችና ሻርፗን ላላ አደረገችው። ልጅቷ ቆማ ታያቸዋለች። በአዳራሹ መብራት ያ ነጭና ጥቁር ጢም ባወሩ ቁጥር ይርገበገባል። ከእነዚያ ጸጉሮች አንዲቱን እንኳ ማንም እንዳይነካባት ተመኘች።