ያላዩትን የማይጽፉት ተማሪ

በየክፍሉ አንድ አለ። መጽሐፉ ቢታደስ፣ ጠመኔው በማርከር ቢተካ፣ ወንበሩ ቢለወጥ እሱ አይቀርም። ሌላው ተማሪ ቦርሳውን ታቅፎ በሩን በሩን ሲያይ እሱ እጁን ያወጣል። አስተማሪው ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ ሲመለከት እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ይቅርታ፣ እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?" ይላል። ከዚያ ወዲያ ለግማሽ ሰዓት ከክፍሉ የሚወጣ የለም። ይህን ሰው ሳላገኝ ጡረታ ወጣሁ የሚል አስተማሪ ካለ፣ አላስተማረም ማለት ነው።

መምህርቷ የባዮሎጂ መግቢያን ሃያ ስድስት ዓመት ስታስተምር ብዙዎቹን ተቀብላ ሸኝታለች። በዚያ ዓመት የቅዳሜው ክፍል ውስጥ የተገኙት ግን የዘሩ ሁሉ አውራ ነበሩ። ተማሪዎቹ ስም ለማውጣት ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም። "ክቡር እማኝ" አሏቸው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ደግሞ "ጋሼ"።

ክቡር እማኝ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው፤ ሥራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ጭቃ የገባበት ጉድጓድ ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኙ ጭጋጋም መስታወት ውስጥ ቁጥር ሲፈልጉ የኖሩ። በዚህ ሙያ ውሻ ያለበት ግቢ ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም፤ አጥሩ ሥር ቆሞ ባለፈው ወር ላይ ትንሽ ጨምሮ መጻፍ ነው። ከዚያም የባሱ ብልጦች አሉ፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አንድ መንደር ሙሉ አንብበው የሚነሱ። ክቡርነታቸው ግን በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። አንዴ ዝናብ ላይ ሦስት ሰዓት ቆመዋል ይባላል።

"አንተ ሰውዬ፣ በቀን አርባ ቤት ነው እኮ የሚጠበቅብህ!" ብሎ አለቃቸው ሲጮህባቸው፣ "አርባ ቤት መጻፍ የሚችል ሞልቷል፤ እኔ የማነበው ሃያ ነው" አሉት አሉ። እድገት ሳያገኙ ሃያ አራት ዓመት የቆዩት እንግዲህ በዚህ ዓይነት መልስ ነው።

ኮሌጅ ያመጣቸው የእውቀት ጥማት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ራሳቸውን የሚያነቡ ቆጣሪዎች አስመጣ። አንባቢዎቹ ተሰበሰቡና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዲፕሎማ ያመጣ ወደ ውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ እንደሚዛወር፣ ያላመጣ እንደሚሰናበት ተነገራቸው። ክቡር እማኝ ሌላውን ኮርስ ሁሉ በየዓመቱ እየተንጠባጠቡ ጨርሰው የባዮሎጂ መግቢያ ብቻ ቀርቷቸዋል። እሱንም አንዴ ወድቀዋል። ኮሌጁ ደግሞ ሦስተኛ ዕድል አይሰጥም።

ቤተ ሙከራው ያን ወቅት የሚያስደስት ቦታ አልነበረም። ዝናቡ አላባራ ብሎ ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበው ውሃ ከመምህርቷ ድምፅ ይልቅ ይሰማል። መደርደሪያው ላይ በፎርማሊን የተዘፈዘፉት እንቁራሪቶች ቀለማቸውን ከጣሉ ቆይተዋል። እሷም ከእነሱ ጋር አብራ የገረጣች እየመሰላት ነበር። ልጅ ሆና የተማረችበት መጽሐፍ ሥዕሎቹ በእጅ የተሣሉ ነበሩ፤ የሕዋሱ ግድግዳ ላይ የሠዓሊው እጅ የተንቀጠቀጠባት ቦታ ሳትቀር ትታወሳታለች። ያ መጽሐፍ ያስተማራትን አንድ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ትናገረዋለች፦ "የምታዩትን ሣሉ፤ መጽሐፉ የሣለውን አይደለም።" ተማሪዎቹ ይህን እንደ ሰላምታ ነበር የሚሰሙት። እሷም ያምኑኛል ብላ ማሰብ ከተወች ቆይታለች።

ክቡር እማኝ ግን አመኗት።

የመጀመሪያው ሙከራ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ክፍሉ በሙሉ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ አንዴ በማይክሮስኮፑ አጮልቆ፣ ከመጽሐፉ ይገለብጣል። አንዳንዱማ ቀለም በሌለው ልጣጭ ውስጥ አረንጓዴ ክሎሮፕላስት ደርድሮበታል። ክቡርነታቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ከመስታወቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ ቆዩና እንደ ጡብ የተደረደሩ መስመሮች ሣሉ። መሃል ላይ ጠርዙ የወፈረ ትልቅ ክብ ጨመሩ፤ ከሥሩም "ክብ ነገር፤ ምንነቱ አልታወቀም" ብለው ጻፉ።

አጠገባቸው የምትቀመጠው፣ ፋርማሲ የምትሠራው ልጅ አንገቷን አስግጋ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ የአየር አረፋ እኮ ነው! መጽሐፉ ላይ የለም።"

"እዚህ ግን አለ።"

"እሺ ይኑር። ኒውክሊየሱንስ? ነጥብ አለው እኮ!"

"የታለ?"

"መሃል ላይ ነዋ!"

"መሃል ላይ አላየሁም።"

"ኧረ ጋሼ፣ ማን አየው ብለው ነው? ዝም ብለው ጣል ያድርጉበት!"

አላደረጉም። ከአሥር አራት አገኙ። የጽሑፍ ፈተናቸውም ከዚህ አይሻልም ነበር። "ሰው አርባ ስድስት ክሮሞዞሞች አሉት ተብሏል" ብለው ይጽፋሉ። "ሕይወት ከባሕር ጀመረ ይባላል።" መምህርቷ "ተብሏል" የሚለውን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ስትሰርዝ እጇ ይዝላል። የክፍሉ መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ሁሉም "ሦስት ሰዓት ተምረናል" ብሎ ሲፈርም እሳቸው "ሁለት ሰዓት ከሩብ" ብለው ጽፈው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዘንድ አስጠርተዋታል። እውነት ለመናገር ያን ዓመት እሳቸው የቀሩበት ቅዳሜ ቢኖር ደስ ይላት ነበር። አልቀሩም እንጂ።

የተግባር ፈተናው ቀን ደረሰ። አምስት ጠረጴዛ፣ አምስት ማይክሮስኮፕ፣ በየጠረጴዛው ሦስት ደቂቃ፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ማለፍ። አራተኛው ጠረጴዛ ላይ ምን እንዳለ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ግማሽ ሽንኩርት ተቀምጧል። አርባ ተማሪ በማይክሮስኮፑ አጮልቆ አርባ ያማሩ የሽንኩርት ሕዋሳት ሣለ፤ ኒውክሊየሱ መሃል፣ ግድግዳው ጥንድ መስመር። አርባ አንደኛው ወረቀት ላይ ሥዕል የለም። "ብርሃን አለ። ሌላ ምንም አይታይም" ይላል።

መምህርቷ ወረቀቱን ስታርም ሳቀችም፣ ተናደደችም፤ ዜሮ ሰጠች። ደመረችው። ለማለፍ ሃምሳ ያስፈልጋል፤ ክቡርነታቸው አርባ ሰባት ላይ ቆሙ። ደግማ ደመረችው። አርባ ሰባት።

ሰኞ ጠዋት ማይክሮስኮፖቹን ልትሸፍን ቤተ ሙከራ ገባች። አራተኛውን ከመሸፈኗ በፊት፣ እንዲሁ ከልማድ፣ መብራቱን አብርታ ዝቅ ብላ አየች።

ብርሃን አለ። ሌላ ምንም አይታይም።

ቆማ አሰበች። ቅዳሜ ጠዋት የሽንኩርቱ ስላይድ ሌንሱ ነክቶት ተሰነጠቀ። አንስታ ጣለችውና ንጹሕ መስታወት አስቀመጠች፤ ልጣጩን ልትጨምርበት ስትል ለስብሰባ ተጠራች። ስትመለስ ተማሪዎቹ በር ላይ ነበሩ። በቃ። ረሳችው። ባልዲው ውስጥ ውሃው ጠብ ይላል። አርባ ሰው ባዶ መስታወት ውስጥ ሕዋስ አይቶ ሣለ፤ እሷም አርባውንም በትክክል ምልክት አሳልፋለች።

ኃላፊው ቀድሞ ያስተማረችው ልጅ ነው። በሩን ዘግቶ አዳመጣት።

"ቲቸር፣ አራተኛው ጠረጴዛ ይሰረዝ፤ የቀረውን ከዘጠና አምስት እናስላው። ማንም አይጎዳም።"

"እሳቸው አርባ ዘጠኝ ተኩል እንኳ አይሞላላቸውም።"

"እርስዎ ምን ፈልገው ነው ታዲያ?"

"ለእሳቸው አምስት። ለሌሎቹ ዜሮ።"

"ለአርባ ሰው ዜሮ? ደጃፌ ላይ ይሰለፉብኛል እኮ! ስላይዱን የረሱት ራስዎ፣ የሚቀጡት እነሱ?"

"ያላዩትን እንዲሥሉ ያስለመድናቸውም እኛ ነን። እኔን ቅጣኝ።"

ኃላፊው ግንባሩን አሸ። "ቲቸር፣ እኔም ያኔ ያን ሽንኩርት ከመጽሐፉ ነው የሣልኩት" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሰማችው። አልገረማትም፤ ግን ቅር አላት።

በመጨረሻ አርባዎቹ አራተኛውን ጠረጴዛ ደግመው እንዲፈተኑ ሆነ። ለክቡር እማኝ አምስታቸው ተጻፈላቸው። ለመምህርቷ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ የባዮሎጂ መግቢያም ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ረቡዕ ከሰዓት ክቡር እማኝ ቢሮዋ በር ላይ ቆሙ፤ ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ሊያመሰግኑኝ መጡ ብላ አሰበች።

"መምህርት፣ ነጥቡን ልመልስ ነው የመጣሁት።"

"ምን?"

"ቀኝ ዓይኔ ጉም ነው። ስድስት ወር ሆነው። ቅዳሜ ተጣድፌ በልማዴ በቀኙ ነው ያየሁት። ምንም አይታይም ያልኩት ስለ ዓይኔ ነው እንጂ ስለ መስታወቱ አይደለም። መስታወቱ ሙሉ ቢሆንም ያንኑ ነበር የምጽፈው።"

መምህርቷ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ለዚህ ሰው ሃያ ስድስት ዓመቷን አስይዛለች፤ እሱ ደግሞ እንጀራውን ሊመልስላት ዝናብ አቋርጦ መጥቷል። ልትጮህበት ፈለገች። ተነሥታ ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደቻቸው፤ አራተኛውን ማይክሮስኮፕ አበራችላቸው።

"በግራዎ ይዩ።"

ብዙ ጊዜ አዩ። "ዛሬ ባዶ ነው" አሉ።

"ቅዳሜም ይኸው ነበር።"

"ቅዳሜን እንዴት አያለሁ?"

"አያዩም። እኔ ያየሁትን እየነገርኩዎት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደብዳቤም ተጽፎብኛል። ቃሌን ይቀበሉኛል ወይስ አይቀበሉኝም?"

ክቡር እማኝ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። ሃያ አራት ዓመት ቆጣሪ ሲያነቡ በሰው ቃል አንድ ቁጥር ጽፈው አያውቁም።

"እርስዎ ካሉ" አሉ በመጨረሻ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት እንደሚውጥ፣ "እቀበላለሁ።"

አለፉ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ላቦራቶሪው ግን የዓይን ምርመራ ወረቀት ጠየቀ፤ ቦታው የሚጠብቃቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ሚስታቸው የሞተች፣ ልጃቸው ሩቅ ያለች ሰው ናቸውና መምህርቷ "እኔም የዓይን ቀጠሮ አለኝ" ብላ ዋሽታ አብራቸው ሄደች።

የምርመራ ክፍሉ ጠባብ ነው። ነርሷ ግራ ዓይናቸውን በካርቶን ሸፈነችና ግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት ጣት ያላቸው ምልክቶች እያመለከተች ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ ጠየቀቻቸው። እስከ አራተኛው መስመር ማንበብ አለባቸው። የመጀመሪያውን ተናገሩ። ሁለተኛውን በመከራ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን ወደ ፊት አሰገጉ።

መምህርቷ ከኋላቸው ተቀምጣለች። መስመሩ ጥርት ብሎ ይታያታል። ወደ ግራ ነው። ፈተና ላይ የሚንሾካሾክ ተማሪ አንገት ሲቀልስ ገና ከሩቅ የምታውቅ ሴት፣ አንገቷን ቀልሳ፣ ከንፈሯን ወደ ጆሯቸው አስጠግታ፣

"ወደ ግራ" አለች።

ክቡርነታቸው አልዞሩም።

"እህቴ" አሉ ለነርሷ፣ "ወደ ግራ ነው፤ ግን እኔ አላየሁትም። ከኋላዬ ያሉት መምህሬ ናቸው የነገሩኝ። እንዳይቆጥሩልኝ።"

ነርሷ ካርቶኑን አውርዳ መምህርቷን ከላይ እስከ ታች ተመለከተቻት። "እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም? ይውጡልኝ።"

ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ዓይናቸው የታሰረ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል፤ አንዲት አሮጊት ቦታ ለቀቁላት፤ አልተቀመጠችም። ፊቷ እየጋለ፣ በሩን ተደግፋ፣ ጆሮዋን ጣለች። የዓይን ሞራ እንደሆነና እንደሚነሣ ነርሷ ስትናገር ሰማች። የቀዶ ሕክምናው ወረፋ አምስት ወር እንደሆነም ሰማች። ከዚያ ወረቀት የሚገለበጥ ድምፅ መጣ።

"አባባ፣ አራተኛውን ልተውልዎት?"

"ይጠይቁኝ እንጂ።"

"እሺ፣ ይቺኛዋ ወዴት ታያለች?"

መምህርቷ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ገምተው ይናገሩ ዘንድ እንደ ልጅ ጣቶቿን ቆላለፈች።

"አይታየኝም" አለ ድምፁ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ። "አይታየኝም፣ እህቴ። እንደዚያ ብለው ይጻፉት።"