ደመና የለም

ስሟን ብጠራ የሚቀየሙኝ ዘመዶች ስላሉኝ ስሟን በማልጠራት አንዲት አገር፣ አባቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ ፈልፍለው የሠሩት ታላቅ ጎተራ ነበረ። ሕዝቡ ሁሉ የዘር እህሉን እዚያ ያስቀምጥ፣ የዘር ወቅት ሲደርስም እየሄደ ይወስድ ነበር። በሩ ሲከፈት ሲጢጥ ይል ነበር፣ አይጥም አላጣውም፤ ነገር ግን እህል ያስገባ ሰው እህል የሚያወጣበት ነበርና መኳንንቱ በዚህ ኋላ ቀርነት እጅግ ያፍሩ ነበር።

በዚህ ሐፍረት ላይ ሳሉ፣ የጎረቤት ነገሥታት ንብረታቸውን ሁሉ ደመና ላይ እንዳደረጉ የሚያወራ፣ ሊቀ ደመና የተባለ አዋቂ ከቤተ መንግሥቱ ደረሰ።

«ንጉሥ ሆይ፣» አለ እጅ ነሥቶ፣ «ድንጋይ ባለበት ይቀራል። ደመና ግን ሲፈለግ ይሰፋል፣ ሲፈለግ ይጠባል፤ በር የለውም፣ ዘበኛም አይሻም።»

ንጉሡ ጥቂት አሰቡና «እህሉ አይወድቅም?» ሲሉ ጠየቁ።

«እስከ ዛሬ ከደመና እህል ሲወድቅ ያየ ሰው አለ?»

በጉባኤው አንድም ያየ አልተገኘም፤ ይህም ለደመናው አስተማማኝነት በቂ ማስረጃ ሆነ። «ግማሹን እንኳ በጎተራው ብናቆይስ?» ያሉት በጅሮንድ ወላዋይ ተብለው ካባቸውን ተገፈፉ።

እህሉም በትንንሽ ከረጢት ተከፋፍሎ፣ በአህያ ተጭኖ፣ ጭጋግ ከማይለየው ተራራ ጫፍ ላይ ተራገፈ። በማግስቱ ቢታይ አንድ ከረጢት የለም። «ደመናው ተረክቧል!» ተብሎ መለከት ተነፋ፤ አሮጌው ጎተራም ፈረሰ። በዚያ ሰሞን የተራራው ዝንጀሮዎች ከውፍረት የተነሣ መዝለል አቃታቸው የሚሉ ምቀኞች አሉ። እኔ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

የዘር ወቅት ሲቃረብ፣ የሺመቤት የምትባል ባሏ የሞተባት ገበሬ ማሳዋን አርሳ አለስልሳ ስትጨርስ ስልቻዋን አንጠልጥላ ወደ ቤተ መንግሥቱ መጣች። ያንን ዘር ካልዘራች ልጆቿ ዓመቱን የሚቀምሱት አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ዘሬን ልወስድ ነው» አለችው የደመናውን መዝገብ የያዘውን ጸሐፊ።

ጸሐፊው በመስኮት አንጋጦ አየ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። «እናቴ፣ ደመና የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን እኛም አናውቅም፤ ነገሩ ከላይ ነው። ነገ ብቅ ይበሉ።»

ነገም ደመና የለም። ከነገ ወዲያም የለም። ያቺ ሴት ፀሐይ አናቷን እየበሳት ስትመላለስ ሳስብ አሁንም አንጀቴን ትበላኛለች። በመጨረሻ አንድ ቀን ሰማዩ ጠቆረና ስልቻዋን ይዛ እየሮጠች ደረሰች።

«ዛሬስ ቀንቶዎታል!» አለ ጸሐፊው እጁን እያፋተገ። «እንዲወርድልዎ አዝዣለሁ። ውጭ ይቁሙና ስልቻውን ይክፈቱ።»

ከፈተች። ዶፉ ወረደ።

«ውሃ ነው እኮ ልጄ!»

«መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ ጸሐፊው ከጣሪያው ሥር ሆኖ። «ዘሩ ከኋላ ይከተላል። ትንሽ ይታገሡ።»

ክረምቱን ሙሉ ታገሠች። ማሳዋም ዘር ሲያጣ ሣር አበቀለ፤ በዚያ ሲያልፍ አረንጓዴውን ያየው ሊቀ ደመና ሰብሉ ያለ ዘር መብቀሉን ለንጉሡ አበሠረ። ንጉሡም የበጅሮንዱን ካባ ደረቡለት። ሣሩም የንጉሥ ግብር ነው ተብሎ ታጨደና፣ ደመናው ይረከበው ዘንድ ወደ ተራራው ተጫነ።

የሺመቤት መንገድ ላይ ከሊቀ ደመና እግር ወደቀች። «ጌታዬ፣ እንግዲያው እኔንና ልጆቼንም እዚያው ይጫኑን። እህላችን ካለበት እንኑር።»

ሊቀ ደመና ለሥልጣኔ ባላት ፍቅር ልቡ ተነካ፤ አዲሱን ካባውን ሰብስቦ ወደ ላይ አንጋጠጠ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ወለል ብሏል።

«ያሳዝናል፣ እናቴ» አላት። «ደመና የለም።»