ለኤምባሲው የተሸከምኩት ድንጋይ

ሰሞኑን የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ግን ጎረቤቶቼ ቀድመውኝ ማውራት ጀምረዋል፤ ስለዚህ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

ድንጋይ ተሸክሜ ኤምባሲ ሄድኩ!

ቆይ፣ ቆይ። ልወረውር አይደለም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው።

ለከተሜዎቹ ተከታዮቼ ላስረዳ። እኛ ጋ የበደለ ሰው ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሽማግሌ አስከትሎ፣ የተበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። የተበደለው «አውርደው፣ ይቅር ብያለሁ» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም፣ ሽማግሌውም አይቀመጥም። ደንቡ ይኸው ነው።

የኤምባሲውን ስም አልጽፍም። ሁለተኛ ጣጣ አልፈልግም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ወይንሸት ሰው አገር ናት። ከሄደች ወዲህ በዓይኔ አላየኋትም። እዚያው አገባች፣ ዜግነት አገኘች፣ አሁን ደግሞ አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። ገንፎዋን የሚያገነፋላት፣ ወገቧን በቅቤ የሚያሽላት፣ ሕፃኑን ተቀብሎ «አንቺ ተኚ» የሚላት ዘመድ አጠገቧ የለም። ባሏ ደህና ልጅ ነው፤ ግን ገንፎ የሚማረው ከዩቲዩብ ነው!

እናም በቤተሰብ ቪዛ ልትወስደኝ አመለከተች።

«እማዬ፣ ጠበቃ ልያዝ» አለችኝ ገና ሲጀመር።

«ለምን? ምን ሰረቅን?»

«ለክስ እኮ አይደለም። ምን እንደሚጠይቁሽ አስቀድሞ ይነግርሻል።»

እምቢ አልኩ። እውነት የያዘ ሰው በሌላ ሰው አፍ ምን ያናግረዋል? ጠበቃ መያዝ ያልቻለችዋስ እናት አይደለችም? ፍርድ ከሆነ ለሁሉም እኩል ይሁን!

ይህን ስናገር በጣም ኮርቼ ነበር። የጎደለኝ ላይክ የሚያደርገኝ ሰው ብቻ ነበር።

ወይንሸትን የወለድኳት አንኮበር፣ እናቴ ቤት ነው። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ሄዶ የሚወልድ ማን ነበር! የልደት ካርዷ የወጣው አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ልትፈልግ ስትነሳ ነው። ለእኔ ይህ ኢምንት ነገር ነው። ለኤምባሲ ግን ትልቅ ጥያቄ ኖሯል።

የኢንተርቪው ቀን ንጹሕ ነጠላዬን ለብሼ ገባሁ። ከመስታወቱ ኋላ አንድ ወጣት ፈረንጅ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ ልጅ።

«እናት፣ ልጅዎ መሆኗን በዲኤንኤ ምርመራ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃሉ» አለችኝ አስተርጓሚዋ።

ደሜ ፈላ።

«አንተስ የእናትህ ልጅ መሆንህን በምን አወቅህ?» አልኩት! ጃንጥላዬንም ወለሉ ላይ ደህና አድርጌ አንኳኳሁበት።

የልጅቷ ፊት ቀላ። ምን ብላ እንደተረጎመችለት እግዜር ይወቅ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «ታንክ ዩ» አለና ወረቀት ዘረጋልኝ። ወረቀቱን እዚያው ትቼለት ወጣሁ።

ወደ ቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ፣ እስከ ጫጫ ድረስ ጀግና ነበርኩ።

ጫጫ ላይ አንዲት እመጫት ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ሕፃኑ አለቀሰ። የያዘችው አያቱ ነበረች፤ እሹሩሩ ስትለው ዝም አለ። ክንዴ ባዶውን ሲንቀሳቀስ አገኘሁት።

ቤት ገብቼ ለወይንሸት ነገርኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ። አልተቋረጠም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳ አጠረ። «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው።» እኔ እርግዝናው ነው አልኩ። ዋናው ነገር የተቀየመኝን ኤምባሲ መታረቅ ነው ብዬ ተነሳሁ!

የነፍስ አባቴን መምሬ ጥላሁንን ለመንኳቸው። ጎረቤቴን የጨርቅ ነጋዴውን ሐጂ ሰይድንም ለመንኳቸው። ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ነበር፤ ሦስተኛው ኤምባሲ የሚል ቃል ሲሰማ «ወገቤን» ብሎ ቀረ።

«ኤምባሲ ሽማግሌ ይቀበላል እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ውስጡ ያለው ሰው አይደለም? ሰው ካለ ይቀበላል» አሉ መምሬ።

«ኢንሻአላህ» አሉ ሐጂ፤ ፊታቸው ግን ኢንሻአላህ አይመስልም ነበር።

ድንጋዩን ከበሬሳ ወንዝ ዳር መረጥኩ። የሚኒባሱ ረዳት እግሬ ሥር ሲያየው «እማማ፣ አዲስ አበባ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?» አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ድንጋዩን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ኤምባሲው በር ላይ ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ። ጥበቃው ዘሎ ተነሳ።

«እማማ! ባሉበት ይቁሙ! እጅዎን እንዳያንቀሳቅሱ!»

«እጄን ካላንቀሳቀስኩ እግርህ ላይ ይወድቃል፣ ልጄ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ። የገጠር ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ወዲያው ገባው። እጁን ከሬዲዮው ላይ አነሳ።

«ቀጠሮ አለዎት?»

«ለይቅርታ?»

«አባቶች፣ እባካችሁ ማዶ ተሻግራችሁ አረፍ በሉ» አላቸው።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መምሬ።

«እዚህ መቆምም ክልክል ነው፣ አባ።»

መምሬ ወደ ሐጂ ዞር አሉ። «መቆምም መቀመጥም የማይቻልበት ደጅ አይተው ያውቃሉ?»

ሰልፈኛው በሙሉ ወደ እኛ ዞሯል። አንዷ ትቀርጸኝ ነበር። ቪዲዮው ከደረሳችሁ አዎ፣ እኔ ነኝ፤ ሼር አታድርጉት!

ጥበቃው ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት። አልተቀየሙዎትም። አያስታውሱዎትም። በየቀኑ ስንት ሰው ነው የሚገባው። ዲኤንኤ ደግሞ የልደት ማስረጃው ዘግይቶ የወጣ ማንም ሰው ይጠየቃል።»

አያስታውሱዎትም!

ከስድብ በላይ ወጋኝ። የተቀየመ ሰው ይታረቃል። የማያስታውሳችሁን ሰው በየትኛው ድንጋይ ትታረቁታላችሁ?

አስፋልቱን ተሻገርን። ድንጋዩ ያን ጊዜም ትከሻዬ ላይ ነበር።

«ያለ ይቅርታ አይወርድም» አሉ መምሬ።

«ታዲያ ትከሻዋ ይሰበር?» አሉ ሐጂ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ለወይንሸት በቪዲዮ ደወሉላት። እዚያ ገና አልነጋም ነበር። ግን አንስታ ቀረበች፤ እርግዝናው እንቅልፍ ነስቷታል።

«እማዬ… ትከሻሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

«የት ነሽ?»

«ኤምባሲው ፊት ለፊት። ልታረቃቸው።»

ሳቀች። ያን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። በልጅነቷ አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ጉሙ ሲሸፍናት እንዲያ ነበር የምትስቀው፤ ሳቋ ከጉሙ ውስጥ ይመጣል፣ እሷ አትታይም።

ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ።

«እማዬ፣ የተቀየምኩሽ እኔ ነኝ እኮ! አንዲት ‹እሺ› ብትያቸው ኖሮ… ብቻዬን ልወልድ ነው።»

የተቀየመችኝን ትቼ ለማያስታውሰኝ ድንጋይ ተሸከምኩ። እኔ!

ስልኩን ዝቅ አድርጋ ሆዷን አሳየችኝ። ገፍቷል። ከኋላዋ ትንሽ የሕፃን አልጋ ተዘርግቷል፤ ገና ባዶ ነው። ድንጋዩን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ሆዷን ልዳስስ ጣቴን ሰደድኩ።

ጣቴ ቀዩን ምልክት ነካና ስልኩን ዘጋሁት!

ሐጂ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» እያሉ መልሰው ደወሉ።

«ሳልጨርስ ዘጋሽብኝ አይደል?» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «አውርጂው፣ እማዬ። ይቅር ብያለሁ።»

መምሬ ድንጋዩን ከትከሻዬ ተቀበሉኝ። ሐጂም «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን መቀመጥ ተፈቀደ?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

ጠበቃም ተያዘ። እሺ አልኩ፣ በቃ! ምርመራው አሁንም ይቻላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አሉ። ለወሊዱ አልደርስም። የገንፎው ዱቄት ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ታስሮ ተቀምጧል። የምታገነፋው አያት ግን ደብረ ብርሃን ቁጭ ብላ ፖስት ትጽፋለች።

በአንድ ነገር ግን አሁንም አልሸነፍም። ጥበቃው በሹክሹክታ የነገረኝን ነገር በአማርኛ ጽፈው በሩ ላይ ቢለጥፉት ምን አለበት? ጠበቃ የሌላት እናት እንድታነበው!

አሁን ደግሞ የሰማሁትን ስሙ። ምርመራው ከደም አይደለም አሉ። ጥጥ ጉንጭ ውስጥ አስገብተው ያሻሉ። ከአፍ ነው የሚወሰደው! ከስንቱ የሰውነት ክፍል መርጠው ከአፌ!

እስቲ በኮሜንት ምከሩኝ፤ ለጥጡ አፌን መክፈቴ ግድ ነው። አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሳልናገር የምዘጋው እንዴት አድርጌ ነው?